የአፍራሾች ውለታ

በቋንቋችን «ገንቢ» እና «አፍራሽ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ይመሰገናል፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ይወገዛል። ገንቢ ምግብ፣ ገንቢ አስተያየት፣ ገንቢ ሚና እንላለን። «አፍራሽ» የሚለው ቃል ግን ከአስተያየት ጋርም ይያያዝ ከተልእኮ ጋር፣ ምስጋና ሆኖ አያውቅም። ይህ ልማድ ከዕለት ተዕለት ንግግራችን አልፎ ወደ ሳይንስ ትምህርታችንም የዘለቀ ይመስለናል። ተማሪዎቻችን ዲ ኤን ኤ እንዴት እንደሚባዛ፣ አር ኤን ኤ ከእርሱ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ ፕሮቲንም እንዴት እንደሚሠራ በየደረጃው ይማራሉ፤ ይፈተናሉም። ይህ ሁሉ የተሠራ ነገር መቼ፣ በምን እና ለምን እንደሚፈርስ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ካገኙ ግን ዕድለኞች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ስለ አፍራሾች ነው፤ ይኸውም አር ኤን ኤ የተባለውን ሞለኪውል ስለሚቆራርጡት ኤንዛይሞች ነው። በሳይንሱ ዓለም ራይቦኑክሊዬዝ በሚል የወል ስም ይታወቃሉ። አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ። ሕዋስ ከመገንባቱ ባልተናነሰ በማፍረሱ ይኖራል፤ ቫይረሶችም ይህን ከእኛ የመማሪያ መጻሕፍት ቀድመው «የተረዱ» ይመስላሉ። ይህን ግማሽ እውነት ትተን ማስተማራችን ለተማሪዎቻችንም ለአገራችንም ጉዳት አለው ብለን እናምናለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቆሽት የሚያሳርር ሞለኪውል

«የፊዚክስ መምህር ስለ ሕዋስ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከገዛ ስሕተታችን ይጀምራል።

በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን ስንከታተል የተሰጠን ሥራ በሌዘር ብርሃን አማካይነት የአንድን ነጠላ አር ኤን ኤ ሁለት ጫፎች ይዞ መሳብ፣ እጥፋቱም የሚፈታው ስንት ፒኮኒውተን ኃይል ሲያርፍበት እንደሆነ መለካት ነበር። በፊዚክስ ሰው አእምሮ «ንጹሕ» ማለት አቧራና ንዝረት የሌለበት ማለት ነው። ስለሆነም ሌንሱን ወለወልን፣ ጠረጴዛውን አረጋጋን፣ ሌዘሩን ደግመን ደጋግመን አስተካከልን። ሞለኪውሉ ግን ገና ሳንለካው እየተበጠሰ ስድስት ሳምንት ሙሉ ተቸገርን። በመጨረሻ ከጎረቤት ቤተ ሙከራ የመጣች አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ የናሙናውን ብልቃጥ በባዶ እጃችን ስንከፍት አየችና «ጓንቱስ?» ብላ ጠየቀችን። ስድስት ሳምንት የፈጀው እንቆቅልሽ በአንድ ቃል ተፈታ። አር ኤን ኤውን ሲበላ የኖረው በገዛ ጣቶቻችን ላይ ያለው ኤንዛይም ነበር።

የሰው ቆዳ እነዚህን ኤንዛይሞች ያመነጫል። ከእነርሱ አንዱ የሆነውና በ2002 የታወቀው ራይቦኑክሊዬዝ 7 ቆዳችንን ከረቂቅ ሕዋሳት ከሚከላከሉት መካከል ነው። ጠባቂያችን ነበረ ማለት ነው፤ ሙከራችንን ያበላሸብን ሥራውን በመሥራቱ ነው።

በዚያን ጊዜ ቆሽታችን አርሮ ነበር። ይህን አነጋገር የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከራይቦኑክሊዬዞች ሁሉ በይበልጥ የተጠናው፣ ራይቦኑክሊዬዝ ኤ የተባለው፣ የሚገኘው ከከብት ቆሽት ነውና። ሞሰስ ኩኒትዝ የተባሉት ተመራማሪ በ1940 በክሪስታል መልክ አዘጋጅተውታል። ከብቶች ይህን ኤንዛይም በብዛት የሚያመነጩበት ምክንያት ሆዳቸው ውስጥ ካሉት ረቂቅ ሕዋሳት ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይታሰባል። በጨጓራቸው የሚራቡት ባክቴሪያዎች በአር ኤን ኤ የበለጸጉ ናቸው፤ ላሟም ባክቴሪያዎቹን ስትፈጭ በውስጣቸው ያለውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ለማስመለስ አፍራሽ ያስፈልጋታል።

ይህ ትንሽ ፕሮቲን 124 አሚኖ አሲዶች ብቻ አሉት። ጥንካሬው ግን የሚያስገርም ነው። አፍልተውት ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመልሶ ሥራውን ይቀጥላል። ክርስቲያን አንፊንሰን ይህንኑ ጠባይ በመጠቀም ፕሮቲኑን በዩሪያና አስተሳሳሪ ድልድዮቹን በሚበጥስ ውሕድ ሙሉ በሙሉ ፈትተው፣ ኬሚካሎቹን ሲያስወግዱ በራሱ ተመልሶ እንደሚታጠፍ አሳዩ። ከዚህም የፕሮቲን ቅርጽ በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ውስጥ እንደተጻፈ፣ ሞለኪውሉም ነጻ ኃይሉ ዝቅተኛ ወደሚሆንበት ቅርጽ እንደሚያመራ ደመደሙ። በ1972 ከስታንፎርድ ሙር እና ከዊልያም ስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ሁለቱ ባልደረቦቻቸውም የተሸለሙት በዚሁ ኤንዛይም ላይ ባደረጉት ጥናት ነበር። እንግዲህ ቴርሞዳይናሚክስን ስናስተምር ከእንፋሎት ሞተር ሌላ ምሳሌ እንደሌለ መቁጠራችን ለምንድን ነው? ምሳሌው በየቄራው የሚጣል ቆሽት ውስጥ አለ።

ያልተነሣ ማስታወቂያ

ሕዋስ የአር ኤን ኤ መልእክቶቹን ለምን ያፈርሳል? በ1961 መልእክተኛ አር ኤን ኤ ሲታወቅ ተመራማሪዎቹን ካስገረሟቸው ጠባዮቹ አንዱ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነበር። በባክቴሪያ ውስጥ የአንድ መልእክት ግማሽ ዕድሜ ባብዛኛው በደቂቃዎች ይቆጠራል። በእኛ ሕዋሳት ደግሞ በአመዛኙ በሰዓታት ነው። ሕዋስ ጉልበት አውጥቶ የሠራውን መልሶ መቆራረጡ ለብዙ ተማሪዎች ብክነት ይመስላቸዋል።

ነገሩን ለማየት ከላይ ቧንቧ የሚሞላው፣ ከታች ደግሞ ቀዳዳ ያለው በርሜል እንውሰድ። በቀዳዳው የሚወጣው ውኃ በበርሜሉ ካለው ውኃ ጋር ተመጣጣኝ ነው እንበል። ቧንቧው የበርሜሉን የመጨረሻ ከፍታ ይወስናል። ወደዚያ ከፍታ ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስነው ግን ቀዳዳው ነው። ቧንቧውን እጥፍ ብንከፍተውም ወደ አዲሱ ከፍታ ግማሽ መንገድ ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ አይለወጥም፤ ከአንድ ግማሽ ዕድሜ ጋር እኩል ነው። ይህን ስሌት የኛ ተማሪዎች በሬድዮአክቲቭ ፍርሰት ምዕራፍ ይሠሩታል፤ የባዮሎጂ ተማሪዎች ደግሞ የሕዋስን ነገር ያውቃሉ። ሁለቱን የሚያገናኝ ክፍል ግን የለንም።

በቁጥር እንየው። የአንድ መልእክት ግማሽ ዕድሜ 5 ደቂቃ ከሆነ፣ ምርቱ በቆመ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከ16 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል። ግማሽ ዕድሜው 10 ሰዓት ቢሆን ግን በዚያው 20 ደቂቃ ከመቶ 97 በላይ የሚሆነው ሳይነካ ይቆያል። የመጀመሪያው ሕዋስ ሐሳቡን በፍጥነት መለወጥ ይችላል፤ ሁለተኛው አይችልም። ያለፈው ዓመት የፈተና ፕሮግራም ያልተነሣበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ተማሪ የዚህ ትርጉም ይገባዋል። አዲስ ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን አይጠቅመውም፤ አሮጌውን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል።

በእርግጥ ቆራጮቹ እንዳሻቸው አይለቀቁም። በሕዋሳችን ውስጥ የራይቦኑክሊዬዝ ኤ ወገን የሆኑትን እጅግ አጥብቆ የሚይዝ ልዩ ማገጃ ፕሮቲን አለ። በ1997 የታወቀው ኤግዞሶም የተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ደግሞ እንደ ቱቦ ነው፤ አር ኤን ኤው በቀጭኑ መተላለፊያ ሾልኮ እንዲገባና መቁረጫው ዘንድ እንዲደርስ ይደረጋል። ማፍረስ እዚህ ላይ ሥርዓትና ቦታ ያለው ሙያ ነው።

በሁለቱም ምሽግ

ቫይረስ ወደ ሕዋስ ሲገባ እነዚሁ ኤንዛይሞች የጦር መሣሪያ ይሆናሉ። ኢንተርፌሮን ያነቃቸው ሕዋሳት የቫይረስ ምልክት የሆነውን ባለ ድርብ ገመድ አር ኤን ኤ ሲያገኙ አንዲት አነስተኛ የመልእክት ሞለኪውል ይሠራሉ። እርሷም ራይቦኑክሊዬዝ ኤል የተባለውን ተኝቶ የነበረ ኤንዛይም ሁለት ሁለት አድርጋ አጣምራ ትቀሰቅሰዋለች። የተቀሰቀሰው ኤንዛይም የቫይረሱንም የሕዋሱንም አር ኤን ኤ ይቆራርጣል፤ አስፈላጊ ከሆነም ሕዋሱ ይሞታል። ጎረቤቶቹ እንዲተርፉ ቤቱን በራሱ ላይ ያፈርሳል ማለት ነው። የሕፃናት ተቅማጥ የሚያስከትለው ሮታቫይረስ በበኩሉ ያችን ቀስቃሽ ሞለኪውል የሚበጥስ ፕሮቲን ይዞ ይመጣል።

ቫይረሶችም የራሳቸው ቆራጮች አሏቸው። የኤች አይ ቪን ጉዳይ እንመልከት። በ1970 ሃዋርድ ቴሚን እና ዴቪድ ባልቲሞር ለየብቻ ያገኙት ሬቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ አር ኤን ኤን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጥ ኤንዛይም መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው በኤች አይ ቪው ኤንዛይም ላይ ተያይዞ ያለው ሁለተኛው እጅ፣ ራይቦኑክሊዬዝ ኤች ነው። የመጀመሪያው እጅ ሲገለብጥ ሁለተኛው እጅ የተገለበጠውን ዋና ቅጂ ይቆራርጣል። ያ ዋና ቅጂ ካልፈረሰ ሁለተኛው የዲ ኤን ኤ ገመድ ሊሠራ አይችልም፤ ቫይረሱም በሰው ሕዋስ ውስጥ መሠረት አይጥልም። ዛሬ በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም ለሕሙማን የሚሰጡት የሬቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ መድኃኒቶች ሁሉ የሚያግዱት ገልባጩን እጅ ነው። አፍራሹን እጅ የሚይዝ ለሕክምና የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ይህን የምንጠቅሰው ተማሪዎቻችን ገና ያልተዘጋ ጥያቄ እንዳለ እንዲያውቁ ነው።

ሊቻል እንደሚችል የሚያመለክት ምሳሌም አለ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሕዋሱን መልእክቶች ራስ ቆርጦ በራሱ መልእክት ላይ ይተክላል። በዚህ መንገድ የተሰረቀ «ማኅተም» ስለሚይዝ የሕዋሱ ፕሮቲን አምራች እንደ ሕጋዊ መልእክት ይቀበለዋል። በ2009 ይህን የሚቆርጠው የቫይረሱ የትኛው ክፍል እንደሆነ በግልጽ ታወቀ። በ2018 ደግሞ ይኸው መቁረጫ ላይ የሚያነጣጥረው ባሎክሳቪር በጃፓንና በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ኮሮናቫይረሶችም ወደ 30,000 ኑክሊዮታይድ የሚደርሰውን ረጅም ጽሑፋቸውን ሲገለብጡ የተሳሳተውን ፊደል ቆርጦ የሚያወጣ አራሚ ኤንዛይም አላቸው።

ለፊዚክስ ሰው ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን የቢጫ ወባ ቫይረስ ነው። በሕዋሳችን ውስጥ ኤክስ አር ኤን 1 የተባለ ኤንዛይም አር ኤን ኤን ከአንደኛው ጫፍ ይዞ እየበላ ይሄዳል። የቢጫ ወባ፣ የደንጊና የዚካ ቫይረሶች በአር ኤን ኤያቸው መጨረሻ አካባቢ ልዩ ቋጠሮ አላቸው። በ2014 በአንድ የቅርብ ዘመዳቸው ላይ በኤክስሬይ የታየው ቅርጽ እንዳመለከተው፣ አር ኤን ኤው በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ቀለበት ይሠራል፤ የራሱ ገመድም በቀለበቱ መካከል ያልፋል። በላተኛው ኤንዛይም እየጎተተ ሲደርስ ቀለበቱ ይገታዋል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣው የቫይረሱ ገልባጭ ግን ቋጠሮውን ፈትቶ ያልፋል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከለክል በር ነው። ሳይበላ የቀረው ቁራጭ ደግሞ አይጣልም፤ የሕዋሱን መከላከያ ለማደናቀፍ ያገለግላል። አፍራሹ ሳያስበው ለጠላት መሣሪያ ሠራለት ማለት ነው።

ይህ ቫይረስ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተቀሰቀሰው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ወደ 30,000 የሚደርሱ ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የበሽታው ወረርሽኞች ሁሉ የከፋው ነበር። በሽታው ከዚያ ወዲህም በ2012 እና በ2013 በደቡብ ኦሞ ታይቷል። የደንጊ ትኩሳትም በ2013 በድሬዳዋ ተከሥቷል። ስለዚህ ቋጠሮ የሚጠይቅ ተማሪ የሩቅ አገር ጉዳይ እየጠየቀ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«የተሟላ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ስለ አር ኤን ኤ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉን። ችግሩን አንክድም፤ አብረን ኖረንበታል። ይሁን እንጂ በመጋቢት 2020 የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ሲገኝ የምርመራው ውጤት የተመሠረተው በአር ኤን ኤ ላይ ነበር። ናሙናው ከአፍንጫ ተወስዶ ቤተ ሙከራ እስኪደርስ በኤንዛይም ከተበላ፣ ውድ መሣሪያ ቢኖርም ታማሚው «ነጻ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችላል። አር ኤን ኤን መጠበቅ የሚያውቅ እጅ ከመሣሪያው ያላነሰ ሀብት ነው።

ክትባቱም እንዲሁ። በ2023 ካታሊን ካሪኮ እና ድሩ ዋይስማን የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ ፍሬ የሆነው የመልእክተኛ አር ኤን ኤ ክትባት በቅባት ቅንጣት ተጠቅልሎ የሚሰጥበት አንዱ ምክንያት ራቁቱን ከሆነ ራይቦኑክሊዬዞች በፍጥነት ስለሚበሉት ነው። ኤንዛይም ባይደርስበት እንኳ ውኃ ራሱ ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል፤ ቅዝቃዜ ይህን ያዘገየዋል። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ቴክኖሎጂ ለማሸጋገር በደቡብ አፍሪካ ማዕከል እንዲቋቋም አደረገ። በ2022 ቴክኖሎጂውን ይቀበላሉ የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ስድስት የአፍሪካ አገሮች ስም ሲነገር የአገራችን ስም አልነበረበትም። በሚቀጥለው ዙር ስማችን ቢጠራ ደግሞ «ማን ይሠራዋል?» የሚለው ጥያቄ ወደ እንደኛ ያሉ ፋኩልቲዎች መምጣቱ አይቀርም።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪና የፊዚክስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ሞለኪውሎች መሠራትና መፍረስ በእኩል ክብደት የሚማሩበት አንድ የጋራ ኮርስ ይኑር። የበርሜሉን ስሌት የኛ ተማሪዎች ያስረዱ፤ ጓንት ማድረግን ደግሞ ከባዮሎጂ ተማሪዎች ይማሩ።

ሁለተኛ፣ በአቅማችን የሚሠራ ሙከራ እንጀምር። ትኩስ የከብት ቆሽት ከቄራ ማግኘት ይቻላል። ኩኒትዝ እንዳደረጉት ኤንዛይሙ በቀጠነና በቀዘቀዘ ሰልፈሪክ አሲድ ከቆሽቱ ይወጣል። ከእርሾ የተዘጋጀ አር ኤን ኤ በአንጻሩ ርካሽ ነው። ኤንዛይሙን ከአር ኤን ኤው ጋር ደባልቆ በየደቂቃው ጠንካራ አሲድ ቢጨመርበት፣ ያልተቆረጠው ይዘቅጣል፣ የተቆራረጠው በፈሳሹ ይቀራል። በፈሳሹ የቀረውን መጠን በኬሚስትሪ ክፍሎቻችን ባለው የአልትራቫዮሌት ስፔክትሮፎቶሜትር መለካት ይቻላል። ከዚያም ኤንዛይሙን አፍልተው ሙከራውን ይድገሙት። የፈላው ኤንዛይም ሥራውን ሲቀጥል ያየ ተማሪ አንፊንሰንን የሚያስታውሰው ለፈተና ሲል ብቻ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ በፈተናዎቻችን «እንዴት ይሠራል?» ብለን ከጠየቅን በኋላ «ባይፈርስስ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ እንጨምር። ይህ በጀት አይጠይቅም።

የጋራ ኮርስ ማውጣት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። የክሬዲት ሰዓት፣ የመምህራን የሥራ ጫና፣ የየትምህርት ክፍሉ ድንበር እንቅፋት ይሆናሉ። ሁሉም እስኪሟላ ከጠበቅን ግን ተማሪዎቹ ተመርቀው ይሄዳሉ። በእኛ በኩል በሚቀጥለው ሴሚስተር የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ከፈቀደልን ስለ ግማሽ ዕድሜና ስለ ቢጫ ወባው ቋጠሮ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለ ክፍያ ለማስተማር ዝግጁ ነን። ጓንቱን ግን እንዲያውሱን እንጠይቃለን፤ ስድስት ሳምንት ያስተማረንን ነገር አልረሳንምና። በዚህ አሳብ የሚስማሙም ሆኑ የማይስማሙ ባልደረቦች አስተያየታቸውን በዚሁ መጽሔት እንዲያቀርቡ በአክብሮት እንጋብዛለን። አስተያየቱ አፍራሽ ቢሆንም ቅር አይለንም።